በጆንያ የተለካ ሹራብ

በዘመሮ ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጆንያ አቅፎ ዓይኑን ጨፍኖ የተገኘው የወፍጮ ቤት ባለቤት እኔ ነኝ። ወሬው ሲነገር «እሱስ አይሆንም፤ እሱ ጤነኛ ሰው ነው» ብላችሁ የተከራከራችሁልኝ ካላችሁ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን እኔው ነኝ። ጆንያው ደግሞ ሹራብ ለብሶ ነበር። ይህን ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የማወጋችሁ፤ ከሌላ ሰው ከሰማችሁት ጆንያው ጫማ አድርጎ፣ ሻሽ አስሮ ነበር ይሏችኋል። ጫማ አላደረገም። የሻሹን ነገር ቆይተን እንደርስበታለን።

ነገሩ የተጀመረው ባለቤቴ ዘነበች ልጃችንን ሂሩትን ልታርስ አዲስ አበባ የሄደች ጊዜ ነው። ሂሩት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር። ልጅ ስትወልድ እናት ሄዳ ገንፎ አገንፍታ፣ ሕፃን አጥባ፣ አራሷን አጠንክራ መመለስ ወግ ነው። እኔም በደስታ ሸኘኋት። በደስታ ማለቴ፣ ቅቤውን ተሸክሜ መናኸሪያ አደረስኳትና «በይ እንግዲህ» ብያት ተመለስኩ። «በይ እንግዲህ» በእኛ ሰፈር ረጅም ንግግር ነው። ውስጡ ብዙ ነገር አለ። ችግሩ፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያይ የለም።

እኔና ዘነበች ከሠላሳ ዓመት በላይ ስንኖር ብዙ አላወራንም። ተኳርፈን አይደለም፤ ወፍጮው ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው ወይ ይጮሃል፣ ወይ በእጁ ያሳያል። ዘነበች እጇን ወደ አፏ ካደረገች ምሳ ደርሷል፤ ነጠላዋን ካራገፈች እንግዳ መጥቷል፤ ወገቧን ይዛ በር ላይ ከቆመች ያጠፋሁት ነገር አለ፣ ወፍጮውን አቁሜ ወጥቼ መስማት አለብኝ። በዚህ ቋንቋ ልጅ አሳድገናል፣ ቤት ሠርተናል፣ ዘመድ ድረናል፣ ዘመድ ቀብረናል። «ናፈቅሽኝ» የሚል የእጅ ምልክት ግን አልነበረንም። አጠገብ ለአጠገብ የሚውል ሰው ምን ያደርግለታል?

ስልክ ደግሞ እጅ አያሳይም።

«ሄሎ!» እላለሁ። ጆሮዬ በወፍጮ ስለደነዘዘ የሰው ሁሉ ጆሮ የደነዘዘ ይመስለኛል፤ የእኔን ንግግር አዲስ አበባ በስልክ፣ ዘመሮ ደግሞ ያለ ስልክ ይሰማዋል።

«እንዴት ነህ?» ትላለች።

«በጎቹ ደህና ናቸው!»

«አንተስ?»

«ገብሱም ደህና ነው፤ ውርጭ አልነካውም!»

«ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?»

«ብርዱም ደህና ነው!»

ወሬያችን እዚህ ላይ ያልቃል። እሷ ዘንድ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እኔ ዘንድ ንፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። እንዲህ ስንሰማማ ቆይተን ስልኩን እንዘጋለን።

«ክርስትናው እንዳለፈ እመጣለሁ» ብላኝ ነበር። ክርስትናው አለፈ። ከዚያ ሕፃኑን ሆዱን ነፋው። ሆዱ ሲተነፍስ ደግሞ የሂሩት የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሆነ፤ ሕፃን የሚይዝ ሰው ጠፋ። እኔ «ምን ቸገረኝ፣ ቆዪ» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን በሶው አልዋጥ ይለኛል። በሶ ለነገሩ ድሮም በቀላሉ አይዋጥም፤ የዚህኛው ግን ሌላ ነበር።

እንዲህ እንዳለን ጥቅምት ገባ። የመንዝን ጥቅምት የማታውቁ ካላችሁ፣ ጠዋት ስትነሡ ሣሩ ሸብቶ ታገኙታላችሁ። ደጅ ያደረ ባልዲ ፊቱ ላይ መስተዋት ያወጣል። ቀን ፀሐይዋ ትስቃለች እንጂ አታሞቅም። ገብሱ ገና ማሳ ላይ ቆሟል፣ ያምናው ተፈጭቶ አልቋል፤ ስለዚህ ጥቅምት ወፍጮ የሚያርፍበት ወር ነው። በሌላ ዓመት ይህን ወር ስወደው! ከዘነበች ጋር የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን የባቄላ እሸት እንፈለፍል ነበር። ዘንድሮ ግድግዳው ብቻ ቀረ። ተደገፍኩት፤ አንድ ሰው ብቻ ሲደገፈው የሚቀዘቅዝ ግድግዳ ነው።

ከወፍጮ ቤቴ ፊት ለፊት የከድጃ ሱቅ አለ። ከድጃ ባሏን ተከትላ ከቆላው መጥታ እዚህ የቀረች፣ ክርና ቁልፍ፣ ጥለትና የፀጉር ጌጥ የምትሸጥ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ ሴት ናት። ገበያተኛ ሲጠፋ ኪሮሽዋን ይዛ ሱቋ ደጃፍ ትቀመጣለች። ያቺ ጫፏ የተቆለመመች አጭር ብረት በጣቶቿ መሀል ውልብ ውልብ ስትል፣ ክሩ እየተጎተተ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ውስጥ እየገባ ዳንቴል ሲሆን፣ እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚያስቀና!

አንድ ቀን ከዳንቴሉ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ፣

«ጋሼ፣ ሰሞኑን እጄን አይተው አይተው ጨረሱት» አለችኝ።

«ሌላ የማየው ምን አለ ብለሽ ነው?»

«እንግዲያ ከሚያዩት ይያዙት» ብላ ትርፍ ኪሮሽና የተረፈ ክር ወረወረችልኝ።

ግራ ቀኝ አየሁ። «ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኪሮሽ የሚይዘው እጅ ነው፤ ጢም አይደለም።»

ጢሜን ዳበስኩና ያዝኩት። የመጀመሪያው ቀን ክሩን እንደ ጭነት ገመድ ነበር ያጠበቅሁት። «አንቀው ገደሉት እኮ! ላላ ያድርጉት፣ ይተንፍስ!» ትላለች ከድጃ። ላላ ሳደርገው ደግሞ ቀዳዳው በግ ያሾልካል። የብርጭቆ ማስቀመጫ ብዬ የጀመርኩት ጠርዙ እየተነሣ፣ እየተነሣ ሄዶ ዕንቁላል ማስቀመጫ ሆነ። ከድጃ አገላብጣ አየችውና «ዶሮ አለዎት አይደል? አይጣልም» አለችኝ።

ሰው ምን ይለኛል ብዬ እንጂ፣ ደስታው እንዴት እንደሆነ ለማንም ብናገር ባልጠላሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል በሬን ቆልፌ፣ ምድጃውን አያይዤ፣ የበግ ጠጉር ባናዬን ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ውጭ ንፋሱ ያፏጫል፣ እኔ እጠልፋለሁ። ጣቶቼ የሚሠሩት ሲያገኙ ሐሳቤም ከእነሱ ጋር ተጠልፎ ይቀመጣል፤ ወዲያ ወዲህ አይልም። አንድ ቀዳዳ፣ ሌላ ቀዳዳ፣ ዞር፣ ደግሞ ሌላ። አንዱን ዙር ስጨርስ «እስቲ አንድ ልጨምር» እላለሁ። እሳቱ ይንጣጣል፤ በጎቹ ከጓዳው ወዲያ ያመነዥካሉ። ዓመቱን ሙሉ የሰው እህል ሳደቅቅ የኖርኩት ሰውዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የደቀቀ ነገር ሰብስቤ አንድ ነገር ሳደርግ ራሴን አገኘሁት።

ችግሩ፣ ደስ ባለኝ ቁጥር ቀና ብዬ «አየሽው?» ማለት ይቃጣኛል። ማንም የለም። እንደገና አቀረቅራለሁ።

ከእነዚህ ቀናት ባንዱ ነው ለዘነበች ሹራብ እሠራለሁ ብዬ የተነሣሁት። ሹራብ ስል የዋዛ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ከድጃ ራሷ «ጋሼ፣ በሻርፕ ቢጀምሩ አይሻልም?» ብላኛለች። ሻርፕ አንገት ብቻ ነው የሚያሞቀው፤ እኔ ያማረኝ ሴትየዋን በሙሉ ማሞቅ ነበር። የከድጃ ሱቅ ውስጥ የነበረው ወፍራም ክር ቢጫ ብቻ ነው፣ ያውም ከሩቅ የሚጣራ ቢጫ። እሱን ያዝኩ።

ሥራው ሲጥመኝ ቀንም ወደ ወፍጮ ቤት ይዤው መውጣት ጀመርኩ። ሰው ሲመጣ የዱቄት ማዳበሪያዎቹ መሀል እወሽቀዋለሁ። አንድ የገበያ ቀን ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ ያችኑ ያለቻትን እህል አስፈጭታ ዱቄቷን አህያ ላይ ስትጭን አገዝኳት። አስካለ ደግ ሴት ናት። ዓይኗ ግን አያርፍም፤ አፏ ደግሞ ዓይኗን ይከተላል። አህያዋን እየነዳች ከሄደች በኋላ ተመልሼ ሹራቤን ሳነሣ እጅጌው ያጥራል። ቅድም ክርኔ ድረስ የደረሰ እጅጌ እዚያው ዓይኔ እያየ ያጥራል! እጄ ላይ እየተተረተረ፣ ክሩ በበሩ ወጥቶ፣ መንገዱን አቋርጦ ገበያውን ሰንጥቆ ይሄዳል። የክሩ ጥቅል ከአስካለ ዱቄት ጋር ተጭኖ ኖሯል።

ከዚያ ያለውን ዘመሮ አይቶታል። ክሩን በእጄ እየጠቀለልኩ፣ በሽንኩርት ሻጮች መሀል አጎንብሼ፣ በአንድ በቅሎ ሆድ ሥር ሾልኬ፣ «ይቅርታ፣ እግርሽን አንሺልኝ እመቤት» እያልኩ ስሮጥ፣ ገበያው ግራና ቀኝ ተከፈለልኝ። አስካለን ከጨው ተራ በታች ደረስኩባት። አህያዋ ቆሟል፤ አስካለ ቢጫውን ጥቅል በሁለት ጣቷ እንደ ሞተ አይጥ ይዛዋለች።

«ይሄ ከዱቄቴ ምን ያደርጋል?»

«የወፍጮው ነው!» አልኩ እያለከለክሁ።

«የወፍጮው ምኑ?»

«የሞተሩ ቺንጋ ሲላላ... የሚታሰርበት።»

«ቢጫ?»

«ሌላ ቀለም አጥቼ ነው።»

ጥቅሉን መለሰችልኝና አህያዋን ነዳች። አስካለ ፊት ለፊት ያልተናገረችውን ኋላ እንደምትለው የታወቀ ነው።

እጅጌውን እንደገና ሠራሁ። ደረቱ ላይ ስደርስ ግን ከድጃ «ልኳ እንዴት ነው?» አለችኝ። ማለፊያ ጥያቄ ነው። ዘነበች መልካሙን ልብሷን ይዛ ሄዳለች፤ የቀረው የቤት ቀሚሷ ደግሞ በመቀነት የሚታሰር ድንኳን ነው።

«ቁመቷ እዚህ ይደርሳል» አልኩና ትከሻዬን ነካሁ።

«ስፋቷስ?»

እጆቼን ከፈትኩ። ሳላስበው ክብ አደረግኋቸው፤ ጣቶቼ ከፊት ሊነካኩ ትንሽ ሲቀራቸው ቆሙ። ይህች ናት። ስሕተት የለውም፤ እጆቼ ከእኔ ይልቅ ያውቋታል። አየር አቅፌ ቆምኩ። ከድጃ ሳቋን ልትለቀው አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቴን አየችና መለሰችው።

«ይህን ልክ እንደያዙ ቤት ይግቡና በገመድ ይለኩት» አለች ቀስ ብላ።

እንደያዝኩ ወጣሁ። ክንዶቼን ክብ አድርጌ፣ እንዳይጠቡ እንዳይሰፉ እየተጠነቀቅሁ መንገዱን አቋረጥኩ። ሰው ሰላም ይለኛል፤ እጅ የለኝም፣ በአገጬ እመልሳለሁ። አንዱ ከባድ ነገር የተሸከምኩ መስሎት «ላግዝህ?» ብሎ ተጠጋ፤ የተሸከምኩትን ሲያጣ ወደ ኋላው አፈገፈገ። ወፍጮ ቤቴ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። በር የሚከፈተው በእጅ ነው። ቆሜ ብዙ አሰብኩ፤ በጭንቅላቴ ገፋሁት፣ በጉልበቴ ሞከርኩት። በመጨረሻ አንድ እጄን ስዘረጋ ዘነበች ከእጄ ወጣች።

ጆንያው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጥግ ላይ ጥቂት ገብስ የቀረበት ጆንያ ነበር። ገብስ እየጨመርኩ ባቅፈው፣ እጆቼ ድሮ በሚቆሙበት ሲቆሙ ልኳን አገኘሁ ማለት ነው። ቀላል ነው፤ እንዲያውም ብልህ ነኝ አልኩ። አንድ ጣሳ ጨምሬ አቀፍኩ፤ ገና ነው። ሌላ ጨመርኩ፤ አሁን ወፈረች። ትንሽ ቀነስኩ። መቼ «እሱ» መባሉ ቀርቶ «እሷ» እንደሆነ አላወቅሁም። ያለቀውን የሹራቡን ክፍል አለበስኳት። የጆንያው አፍ የታሰረበት ጉጥ አንገቱ የት ጋ እንደሆነ አላሳይ ስላለኝ የዘነበችን አሮጌ ሻሽ አሰርኩበት። ይኸው፣ ሻሹ ይህ ነው። ለልኬት ነው።

ከዚያ የመጨረሻውን ልክ ለማየት አቀፍኳት። እጆቼ በትክክል፣ ድሮ በሚቆሙበት ቆሙ። ገብሱ ገብስ ገብስ ይሸታል፤ ወፍጮ ቤት የኖረች ሴትም ገብስ ገብስ ነው የምትሸት። ሻሹ ደግሞ ቅቤዋን አለቀቀም ነበር። ለመለካት ከሚበቃው በላይ ቆየሁ። ዓይኔንም ጨፈንኩ። ይህን አልክድም።

«ዘነቡ፣ እስቲ ክንድሽን አንሺ» አልኩ፤ የብብቱን ነገር ለማየት ፈልጌ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!»

አስካለ በሩ ላይ ቆማለች። የያዘችው ቁና ወድቆ እየተሽከረከረ እግሬ ሥር መጥቶ ቆመ። እኔ ጆንያዬን እንዳቀፍኩ ነኝ።

«አስካለ፣ ነገሩ...»

አስካለ ግን ቁናዋንም ሳታነሣ ሄዳለች።

ፍረዱኝ እንግዲህ። እውነቱን ብናገር፣ ወንድ ሆኜ ሹራብ በኪሮሽ ስሠራ ተገኘሁ ማለት ነው። ዝም ብል አበድኩ ማለት ነው። ሁለቱን ሳመዛዝን ውዬ እብደቱ ይሻላል አልኩ፤ እብደት ስንቱ ትልቅ ሰው የደረሰበት ነገር ነው።

በማግስቱ ጠዋት የነፍስ አባታችን መምሬ ተሰማ ጠበል በጀሪካን ይዘው ከተፍ አሉ። እሳቸውም እንደ ሁላችን በብርድ ኩምትር ብለዋል፤ ከጥምጣማቸው ሥር ጆሯቸው ቀልቷል።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነበር ስትነጋገር የነበረው?» አሉኝ።

«ከጆንያ ጋር ነው አባቴ።»

«ይመልስልሃል?»

«ኧረ አይመልስም!»

«ይህ መልካም ነው» አሉና እፎይ ብለው ጠበሉን አፈሰሱብኝ። ውኃው ደጅ ያደረ ነው። ጥቅምት ነው፤ መንዝ ነው። ጋኔን አድሮብኝ ቢሆን ኖሮ በሳንባ ምች ያልቅ ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ ምድጃው ጋ ስቀመጥ መምሬም ተከትለውኝ ሊሞቁ ተጠጉ። እዚያ፣ ማታ ወደ ቤት ያስገባኋት ጆንያ ቢጫዋን ለብሳ ተቀምጣለች። ጠጋ ብለው በመስቀላቸው ነካ አደረጓት፣ ኋላም በጣታቸው ዳበሷት።

«ይህን ማን ሠራው?»

ለነፍስ አባት አይዋሽም። «እኔ ነኝ አባቴ። ለዘነበች ነው። ቆየችብኝ።»

እሳቱን አዩ፣ ሹራቡን አዩ፣ ወደ በሩም ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ቆብ... ቆብስ ይወጣዋል? ከጥምጣም ሥር የሚሆን፣ የማይታይ» አሉ።

«ይወጣዋል አባቴ።»

«እንግዲያ ይህ በንስሐ ተነግሮኛል፤ ከእኔ አይወጣም።»

ከእሳቸው አልወጣም። ከእኔ ግን ሳል ወጣ። ያ ጠበል ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ሳምንቱን ሳልኩ። ሂሩት ደውላ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ሰው የሚለው እውነት ነው?» አለችኝ። «በጎቹ ደህና ናቸው!» ብዬ ጮህኩና ሳሉ አቋረጠኝ።

ጥቂት ቀን አልፎ፣ ቀትር ላይ፣ ጆንያዋን ወደ ወፍጮ ቤት መልሼ፣ ሹራቡ ላይ አቀርቅሬ አንገቱን ስጨርስ ወፍጮ ቤቱ ጨለመ። ቀና ስል ዘነበች በሩ ላይ ቆማለች። ወገቧን ይዛለች።

ዘልዬ ተነሣሁ። ስትመጣ የምላትን ስንት ነገር አስቤ ነበር እኮ!

«ማን ናት?» አለችኝ።

«ማን?»

«ያቀፍካት ናታ! ቢጫ ሹራብ የምትለብሰዋ!»

ወሬው ከዘመሮ አዲስ አበባ እስኪደርስ ጆንያው ሴት ሆኖ ኖሯል። ደብረ ብርሃን ላይ ይሆናል የተለወጠው። በእጄ ወደ ጥጉ አመለከትኩ። ዘነበች ዞረች። ባላንጣዋ ሻሽ አስራ ግድግዳውን ተደግፋለች።

ዘነበች ብዙ ቆማ አየቻት። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው። መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ሳልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ኪሮሹን፣ አህያዋን፣ ጠበሉን። ወፍጮው ስላልተነሣ መጮህ አላስፈለገኝም።

«እስቲ ልልበሰው» አለች።

ለበሰችው። አንዱ እጅጌ ጣቶቿን ሸፈናቸው።

«ይሄኛው ምነው ረዘመ?»

«ከድጃ ገበያ የሄደች ሰሞን የተሠራ ነው።»

ወገቡ ላይ ግን ሌላ ሰው የሚጨምር ቦታ ተረፈ። በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ፊት ሳበችው። «እንዲህ ወፍራም ነኝ?»

«ስትሄጂ እንዲህ ነበርሽ።»

«በምን አወቅህ?»

እንዴት ብዬ ልናገር? ሄጄ አቀፍኳት። በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ተከፍቶ። እጆቼ ድሮ የሚቆሙበት ላይ አልቆሙም፤ ተላልፈው ሄደው የገዛ ክርኖቼን ያዝኩ። ሹራቡ አልተሳሳተም። የጎደለችው እሷ ነበረች።

«ምነው ዘነቡ? የሚበላ ጠፍቶ ነው?»

«የሂሩት ቤት ምን ጠፍቶ» አለች ደረቴ ላይ እንዳለች። «ጸጥታው ነው። ወፍጮ የለ፣ የሚጮህ ሰው የለ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ እንቅልፍ ሲጠፋ እህልም አይገባም።»

«ላጥብበው እንግዲያ?»

«ተወው» አለች። «እንዲሁ ይሁን።»

መቅረት ግን አልቻለችም። ሂሩት ሥራ ልትገባ ነው፤ ሕፃኑን ለማን ትተወዋለች? እኔም ገብሱ ደርሷል፣ ከአጨዳው ወዲያ ወፍጮው ቀን ከቀን ሊጮህ ነው፣ በጎቹም አሉ። የቆየችባቸውን ቀኖች ግድግዳችንን ተደግፈን ፀሐይ ሞቅን። እኔ የመምሬን ቆብ እሠራለሁ፤ እሷ ታየኛለች። «አየሽው?» እላታለሁ። «አየሁት» ትለኛለች። ከዚህ የበለጠ ወሬ አላወራንም፤ እኔም ሌላ አልፈለግሁም።

የምትሄድ ቀን መናኸሪያ አደረስኳት። ቢጫ ሹራቧን ለብሳ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ዘመሮ ግማሹ ሊሸኛት፣ ግማሹ ሹራቡን ሊያይ ወጥቷል። ከድጃ ሱቋን ዘግታ መጥታለች፤ አስካለም አለች። መምሬም ሲያሳልሙ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ከጥምጣማቸው ሥር ትንሽ ቢጫ ብቅ ይላል።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። መስኮቱን አንኳኳሁ፤ ከፈተችው። ዕድሜ ልኬን ስለ በግና ስለ ገብስ ስጮህ የኖርኩ ሰው፣ ያን ዕለት ድምፄ ከየት እንደጠፋ እንጃ፣ በሹክሹክታ፣

«ናፍቀሽኛል» አልኳት። ገና ሳትሄድ።

እጇን ወደ ጆሮዋ አደረገች፤ ሞተሩ ያጓራል። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፣ ወጣ፣ አቧራው ቀረ። እኔም አቧራው ውስጥ ቀረሁ። በቃ፣ አልሰማችኝም አልኩ። የሠላሳ ዓመቱን ነገር አውጥቼ ለሞተር ሰጠሁት።

ስልኬ ጮኸ።

«ምን አልከኝ?» አለች። «ሞተሩ ሲጮህ አልሰማሁም።»

ዙሪያዬን አየሁ። አስካለ ጆሮዋን አዘንብላለች። «ምንም! በጎቹ...»

«በጎቹን አይቻቸው መጣሁ። ምን ነበር ያልከኝ?»

«ኋላ እነግርሻለሁ!»

«እስቲ አሁን በለው። ጮክ ብለህ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ወፍጮው በሙሉ ኃይሉ ሲጮህ ከዳር እስከ ዳር በምጣራበት ድምፅ፣

«ናፍቀሽኛል!» አልኩ።

ሽንኩርት ሻጮቹ ዞሩ። አንድ በቅሎ ገመዱን በጠሰ። ከድጃ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ መምሬ ወደ ሰማይ አዩ። ከስልኩ ውስጥ እልልታ ሰማሁ፤ የአንድ ሰው አይደለም፣ የአውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ እልልታና ጭብጨባ። ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍታው ኖሯል። ጫጫታው ሲበርድ የዘነበች ድምፅ ብቻውን ቀረ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለመለየት ያስቸግራል።

«ቅድምም እኮ ሰምቼሃለሁ» አለችኝ። «ሰው ይስማልኝ ብዬ ነው።»